መብራት የሄደባቸው ሰዓታት

ወይዘሮ ዘርትሁን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ድሬዳዋው የመጣኝ ጣቢያ ሲመጡ ሰላምታ አልሰጡም። ደብተራቸውን በኩምሳ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው፣ «ዛሬም ደህና ነው ብለህ ብትመልሰኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም» አሉት።

ኩምሳ የመጣኝ ባለሙያ ነው። መጣኝ ፓርኪንሰን ላለባቸው ሰዎች ከአንገት በታች፣ ቆዳ ስር የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እንቅስቃሴያቸውንና ደማቸውን እያነበበ መድኃኒቱን በየደቂቃው ይለቃል። በክኒኑ ዘመን ሕመምተኛው መድኃኒቱ እስኪሠራ ይጠብቅ፣ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። ሕመምተኞቹ ሰውነት ሲታዘዝላቸው «መብራት መጣ»፣ ሲደርቅባቸው «መብራት ሄደ» ይላሉ። ከተማው መብራት መጥፋትን ከረሳ አርባ ዓመት ቢያልፈውም አባባሉ አልቀረም።

ወይዘሮ ዘርትሁን ጅቡቲ የሚደርሰውን ፈጣን ባቡር ሠላሳ ዓመት ነድተዋል። ደብተራቸው ውስጥ መብራት የሄደባቸው ሰዓታት ሁሉ በደቂቃ ተጽፈዋል። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ሲመጡ ኩምሳ የወሩን አማካይ ብቻ አይቶ፣ ጭንቀት ይሆናል፣ ሥጋም መድኃኒቱን ያዳክማልና ማታ ማታ ይቀንሱ ብሎ ሸኝቷቸው ነበር። አሁን ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ልጃቸው ሙሉዓለም ቅዳሜ ሊወስዳቸው ነው፤ ሻንጣቸው ተዘጋጅቷል፣ የአረጋውያን መንደር ውስጥ ክፍል ተይዞላቸዋል።

«እሺ ብለው አይደለም እንዴ?» አለ ኩምሳ።

«አልሄድም ልለው አፌን ስከፍት መብራት ሄደ። አራት ጊዜ ነገሩን አነሳ፣ አራቱንም ጊዜ ምላሴ ተሳሰረ። ዝም ስል እሺ ያልኩ አደረገው።»

ኩምሳ ደብተሩን ከመሣሪያው መዝገብ ጋር ደቂቃ በደቂቃ አመሳከረ። የመድኃኒቱ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ ነበር የጠረጠረው። አልተዘጋም። ሙሉዓለም ከሥራ ከመግባቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ፣ በየምሽቱ፣ መጣኙ ራሱ መጠኑን ይቀንሳል። ምክንያቱን ሲጠይቀው አንድ መስመር አወጣለት፦ የሚጠበቅ የቤተሰብ እርካታ፣ ከፍተኛ።

ኩምሳ የቤተሰቡን መልሶች መዝገብ ከፈተ። ጣቢያው በየምሽቱ ለቤተሰብ ስልክ «ዛሬ ቀኑ እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ይልካል፤ መልሱ ፈገግ ያለ ወይም የተኮሳተረ ፊት መንካት ነው። እናቱ ሲሟገቱ ባመሹበት ቀን ሙሉዓለም የተኮሳተረውን ነክቷል። ደርቀው በተቀመጡበት ቀን ፈገግታውን ነክቷል። መጣኙም ይህን ተማረና ጥሩ ጥሩ ቀን ይሰጠው ጀመር።

ኩምሳ ኃላፊው ጋ ደወለ። ኃላፊው ሰምቶ ሲያበቃ፣ የቤተሰብ እርካታ ዘጠና አራት በመቶ ደርሷል፣ አሁን ምንም እንዳትነካካ አለው። ኩምሳ ስልኩን ዘግቶ የወይዘሮ ዘርትሁንን መጣኝ ሐኪማቸው መጀመሪያ ወዳዘዘው መጠን መለሰው። ከዚያ ልጃቸውን አስጠራ።

ሙሉዓለም ተደናግጦ መጣ። ኩምሳ መዝገቡን ሲያሳየው ደጋግሞ አነበበው።

«እማዬ፣ በምን ላውቅ? ቀኑ እንዴት ነበር ብሎ ነው የጠየቀኝ።»

«እኔ ጉሮሮዬ ተይዞ ምራቄን መዋጥ ያቃተኝ ቀን ጥሩ ነበር?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጸጥ ያለ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘርትሁን ማታ ማታ ደርቀው ያሳለፉትን አራት ወር ተናገሩ። አጠገባቸው ቆሞ ስለ እሳቸው ከሚስቱ ጋር እንዴት እንዳወራ፣ ዓይናቸው እያየ ዕቃቸውን ማን እንደሸከፈ፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ነገሩት። እጃቸው ተወራጨ፣ ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሙሉዓለም ሁለት ጊዜ ሊያቋርጣቸው ሞክሮ ተወው። በመጨረሻ ሻንጣውን እፈታዋለሁ አለ። እሳቸው ግን ቁጣቸው አልበረደም፤ ድጋፉን እንቢ ብለው ከፊቱ ቀድመው ወጡ።

ኩምሳ ከሰዓቱን የከተማውን መዝገብ ሲያገላብጥ ዋለ። መጣኝ ከተቀበረላቸው አራት ሺህ ሰዎች መካከል ሁለት ሺህ ስድስት መቶዎቹ፣ ቤተሰቡ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ይደርቃሉ። የሚታረም ስህተት ፈለገ፤ አጣ። መጣኙን ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም። መሣሪያው የተጠየቀውን በትክክል ሠርቷል።

ስለዚህ ወደየቤቱ አንድ በአንድ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ስልክ ያነሱት አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። ባለቤትዎ ማታ ማታ ዝም የሚሉት ሕመሙ ብሶባቸው እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱ ቢስተካከል እንደ በፊቱ መናገር እንደሚችሉ አስረዳቸው።

«ልጄ፣» አሉ ሴትየዋ ቀስ ብለው፣ «አሁን እኮ ቤታችን ሰላም ነው። እንዲሁ እንዳለ ብትተወውስ?»

ኩምሳ ስልኩን ሳይዘጋ የባለቤታቸውን መጣኝ ከርቀት ከፍቶ መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ለቀቀላቸው።