የግድግዳው ፕሮፔለር

ካፒቴኑ የሞቱት ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ተደፍተው ነው። ከአውሮፕላን አብራሪነት ጡረታ ሲወጡ ለማስታወሻ የተሰጣቸው፣ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሎ የነበረው ከባዱ የእንጨት ፕሮፔለር ላያቸው ላይ ወድቋል። ለምሳ የመጣችው ልጃቸው በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ዓይኗ የገባው ግን ወለሉ ላይ የተንከባለሉት ሁለት ቡሎኖች ነበሩ። ፕሮፔለሩን በዋዜማው አውርዳ የወለወለችውና መልሳ የሰቀለችው እሷ ናት።

ሥራዋ የአውሮፕላን ጥገና ነው። የሰው ነፍስ የሚንጠለጠልበትን ቡሎን ስታጠብቅ የምትውል ሴት አባቷን በገዛ እጇ ገድላ ይሆን? ይህን ለማንም መናገር ፈራች። የደወለችው በትልቁ ከተማ ለሚኖረው ለጠበቃው አጎቷ ብቻ ነበር። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በከሰዓቱ ጄት እደርስልሻለሁ» አላት። እንዳለውም ደረሰ፤ ሌሊቱንም እጇን ይዞ አደረ።

በማግስቱ አንዲት የፖሊስ መርማሪ ከዚያው ከትልቁ ከተማ በባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን መጣች። መብረር እንደ ሞት የምትፈራ ሴት ነበረችና ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ገባች። ውሃ ጠጥታ ነፍስ ስትዘራ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ አስቀምጣ በየተራ አነጋገረች።

ፎቅ ላይ የተከራየው የጄት ረዳት አብራሪ የዚያን ቀን ተረኛ ስላልነበረ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። በሳምንቱ ውስጥ ግን ካፒቴኑ በስልክ ሲጮሁ ሰምቷል፤ የወላጆቻቸው ቤት በድብቅ ተሽጦባቸው ኖሮ ነገሩን ፍርድ ቤት አወጣዋለሁ ይሉ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ አላወቀም።

አጎትየው ረጋ ብሎ መለሰ። ወንድሙ የሞተው ከቀትር በፊት ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ችሎት ቆሞ ዳኛው ሳይቀር አይቶታል።

«ከችሎት በኋላ የሚነሳ ባለ ፕሮፔለር አለ አሉ» አለች መርማሪዋ።

«እሱማ በጄቱ ፍጥነት ግማሽ ነው የሚበርረው። ብሳፈርበት ኖሮ ወንድሜ ሲሞት ገና ደመና ላይ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። «እኔማ ጄቱ ውስጥ ከመስኮቱ ሳልነቀል ሳለቅስ መጣሁ። ጎማው ሲወርድ ሳይ ነው ደረስኩላት ብዬ የተነፈስኩት።»

መርማሪዋ ወጥታ ስልክ ደወለች፤ ስትመለስ ሦስቱንም ካፒቴኑ ክፍል ሰበሰበቻቸውና ቡሎኖቹን ልጅቷ ፊት አስቀመጠች።

«እዪልኝ እስቲ።»

«አልችልም።» እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

«ስለሙያሽ ነው የምጠይቅሽ። ላልቶ በክብደት የተነቀለ ቡሎን ምን ይመስላል?»

«ጫፉ ይጣመማል፣ ጥርሱም ይበላል። ግድግዳውም ይቦረቦራል።» እየፈራች አንዱን አነሳች። ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ሙሉ ነበር። ቀና ብላ ቀዳዳዎቹን አየች፤ ንጹሕ ናቸው። «ይኼ በመፍቻ ነው የተፈታው» አለች ቀስ ብላ።

«በራስሽ መፍቻ፤ እዚሁ ግድግዳው ሥር ትተሽው በሄድሽው። ገዳዩ አባትሽን መትቶ ከጣላቸው በኋላ ፕሮፔለሩን ፈትቶ ላያቸው ላይ ጣለው፤ ጥፋቱ ያንቺ እንዲመስል። አሁን ደግሞ ንገሪኝ፤ ወደዚህ ከሚበሩት አውሮፕላኖች መንገደኛ በመስኮት ጎማውን የሚያየው በየትኛው ነው?»

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች፤ ጎማውን አየሁ ያለውም ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«በባለ ፕሮፔለሩ» አለች። «ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው፤ ጎማው የሚወርደው ከሞተሩ ሥር ነው። የጄቱ ክንፍ ከታች ስለሆነ ጎማው አይታይም።»

«በዚያ ቀርፋፋ ተሳፍሬ እንዴት እደርሳለሁ?» አለ አጎትየው። ድምፁ ሰለለ።

መርማሪዋ ወደ ረዳት አብራሪው ዞረች። እሱም ፈራ ተባ እያለ አስረዳ፤ ጄቱ በፍጥነት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ይህ የሚታየው ግን ረጅም መንገድ ላይ ነው። እዚህ መንገዱ አጭር ስለሆነ ከፍ ብሎ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። «ካፒቴን የሚያበሽቁኝ በዚሁ ነበር። አርፈህ ሻይህን ጠጥተህ ሳትጨርስ በባለ ፕሮፔለሩ እደርስብሃለሁ ይሉኝ ነበር።»

«እኔም ዛሬ ያ ጎማ ሲወርድ እስካይ ድረስ በፍርሃት ከሰዓቴ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የመጣሁት» አለች መርማሪዋ ለአጎትየው። «ከችሎት ወጥተው ቢሳፈሩ ከቀትር በፊት እዚህ ለመድረስ ጊዜ ይተርፍዎታል። ትኬት የቆረጡበት የጄት ወንበር ደግሞ ባዶውን ነው የመጣው፤ አሁን አረጋገጥኩ። ቤቱን የሸጡት እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ቢከስዎት ጥብቅናዎም ክብርዎም ገደል ይገባ ነበር።»

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «ስደውልልዎት የት ነበሩ?»

አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ መለሰችላት። «እዚሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው። ጄቱ እስኪያርፍ እየጠበቁ።»

ሌሊቱን ሙሉ ሲዳብሳት ያደረውን እጅ አየችና ወደ ኋላ ሸሸች። ከቤቱ ይዘውት እስኪወጡ ድረስ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆመች። ከዚያ ቡሎኑን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ባዶው ወንበር ዞረች።

«አባባ፣ አጥብቄው ነበር» አለች።