የካፒቴኑ የሲጋር ክፍል

ካፒቴኑ በሲጋር ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከባዱ የናስ መተርኮሻ አጠገቡ ወድቋል፤ ማጅራቱን ሦስት ጊዜ ያደቀቀው እሱ ነው። ደሙ ግድግዳው ላይ እስከ ሰው ቁመት ተፈናጥሯል። ኢንስፔክተሯ ግን ከሬሳው ይልቅ መደርደሪያውን አብዝታ አየች።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሯል። በየጉዞው የኩባ ሲጋር በሣጥን እየገዛ ያመጣና፣ ሲቆይ ይጣፍጣል ብሎ በዚህች ክፍል ያስቀምጠዋል። ጡረታ ወጥቶ ጠቅልሎ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ጎረቤቱ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነበሩ። ወንድምየው ሸሚዙ በደም ተጨማልቋል። ትናንት ከካፒቴኑ ጋር ተናንቀው የገላገላቸው ሐኪሙ ነው።

«ደሙ ላነሳው ስሞክር የነካኝ ነው» አለ ወንድምየው። «መጣላታችንን አልክድም። ምክንያቱን ግን አልናገርም።»

ሐኪሙ ሲጋር ለማጨስ መጥቶ ሳሎን እየጠበቀ እንደነበር ተናገረ። ኢንስፔክተሯ፣ ሲጋሩ እርጥበት ቢያጣ ምን እንደሚሆን ጠየቀችው።

«በአንድ ወር ይደርቃል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። እሳት ሲነካው እንደ ጭድ ነው የሚነደው።»

ሚስትየው በዚያ ሙቀት እስከ እጅ አንጓዋ የተቆለፈ ሹራብ ለብሳለች። «እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም» አለች። «ስለ ሲጋር የማውቀው መግማቱን ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያወረደች ገለበጠቻቸው። ስትጨርስ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«በግርግሩ ሁለት ሣጥኖች ወድቀዋል» ብላ ጀመረች። «ጥጋቸው ተሰንጥቋል። ሲጋሮቹ ግን ተለቅመው፣ የጠቆሩት አሮጌዎቹ በአንዱ፣ አዲሶቹ በሌላው ተደርድረዋል። ደም የነካቸው ስላሉ የተለቀሙት ከግድያው በኋላ ነው። ክፍሉን የሚያረጥበው የውሃ ገንዳም እስከ አፉ ተሞልቷል። ሰውየውን ያልማረ ሰው ለሲጋሮቹ ሳስቷል።»

ሐኪሙ ፊቱ ነጣ። አሮጌውን ከአዲስ መለየት እሱም ያውቅበታል።

«እርስዎ አይደሉም» አለችው። «ካፒቴኑ በዓመት አሥር ወር ባሕር ላይ ነበር። ታዲያ ውሃውን ማን ይሞላ ነበር? ከየሣጥኑ ሥር ሲጋሮቹ እኩል እንዲረጥቡ የተገላበጡበት ቀን በእርሳስ ተጽፏል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ቀን። ጉዞዎቹ ከተመዘገቡበት የመርከብ ደብተሩ ጋር አመሳከርኩት። ሁሉም እሱ የሌለበት ጊዜ ነው። እርስዎ ወደዚህ ሰፈር የመጡት ዘንድሮ ነው። ወንድምየውም እንግዳ ነው።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «የቁጥሮቹ አጣጣል ወጥ ቤት ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ካለው የእርስዎ ጽሕፈት ጋር አንድ ነው።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እትዬ፣ ዝም በይ» አለ በቀስታ።

እሷ ግን የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ አራት ክብ ቃጠሎ አለ፤ አንዱ ገና ትኩስ ቁስል ነበር። ትናንት ወንድምየውን ከካፒቴኑ ጋር ያጣላው ሦስቱን ማየቱ ነው።

«ለእንግዳ ሁሉ ሲጋሮቹን እያሳየ ‹በእጄ ያሳደግኳቸው› ይላል፤ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ እሰማለሁ» አለች። «ዛሬ ውሃ ልሞላ ስገባ የለኮሰውን ሲጋር ክንዴ ላይ አጠፋው። ዞር ሲል መታሁት። እንዳይነሳ ደጋገምኩት።»

«ሲጋሮቹንስ ለምን ለቀሙ?»

«ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እጄ የለመደውን ሠራ።»

ወንድምየው አብሬያት ካልሄድኩ ብሎ ቢለምንም አልተፈቀደለትም፤ እስከ በሩ ድረስ ክንዷን ሳይነካ ትከሻዋን ደግፎ ሸኛት። መኪናው ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳያልፍ ሴትየዋ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት ፍጥነቱን ቀነሰ። ኢንስፔክተሯም አላስቸኮለችውም።