በአሥር የሚጀምረው ቁጥር

የኮምፒውተር ባለሙያው ሙንጂ ተዘርሮ የተገኘው ከኮምፒውተር ገመዶቹ መካከል ነበር። የእሳት ማጥፊያው ብረት የራስ ቅሉን ጨፍልቆታል። በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ያለው የወይራ ዘይት ላኪ ድርጅት ዘበኛ ኸሚስ ሊያነሳው ሲታገል እስከ ክርኑ በደም ስለተነከረ፣ ፖሊሶቹ ብዙም ሳይጠይቁ በካቴና ጠፈሩት። ሠላሳ ዓመት በር ጠብቆ በስተርጅና ነፍሰ ገዳይ መባል!

መርማሪ ሉብና አስከሬኑን ዞራ አየች።

«አባባ ኸሚስ፣ ዛሬ ማን ገባ?»

«በእኔ በር ሙንጂ ብቻ ነው፣ ልጄ። ቅዳሜ ቢሮው ዝግ አይደል? የኮምፒውተሮቹን ቁጥር ልቀይር ነው ብሎኝ ገባ።»

«የኋላው በር ቁልፍስ?»

«እመቤቴ ዙበይዳና ወንድሟ ረዱዋን ጋ አለ።»

ሁለቱም ተጠሩ። የድርጅቱ ባለቤት ዙበይዳ እያለቀሰች፣ የሽያጭ ኃላፊው ረዱዋን የኮምፒውተር ቦርሳውን አንግቶ ደረሱ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም» አለ ረዱዋን። «ደሙ ዘበኛው እጅ ላይ እያለ እኛን መጥራት ምን ይሉታል?»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ...» አለ ኸሚስ በሆዱ።

ሉብና ወደ ዙበይዳ ዞረች። «ሙንጂ ቁጥሩን ለምን ይቀይር ነበር?»

«የጨረታ ሰነዳችን እየሾለከ ነበር። የቢሮው ኮምፒውተሮች ቁጥር በ192.168.1 ይጀምራል፤ የሁላችንም ቤት እንደዚያው ነው። ሰነዱ ከቢሮ ይውጣ ከቤት መለየት አቃተን። ስለዚህ ማንም ቤት የሌለ፣ በ10.73 የሚጀምር ቁጥር መረጠ።»

ሉብና ሦስቱንም ወደ ሟቹ ኮምፒውተር ጠራቻቸው።

«ይህ ለኮምፒውተሮቹ ቁጥር የሚያድለው መሣሪያ መዝገብ ነው። ረዱዋን፣ ይኼ እዚህ የተመዘገበው ያንተ ኮምፒውተር ነው?»

«ነው። በየቀኑ እዚህ አይደል የምውለው? የትናንቱ ነዋ።»

«የትናንቱ በ192 ይጀምር ነበር። ይኼኛው 10.73.0.11 ነው። ሙንጂ ይህን ቁጥር የከፈተው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ቢሮ አልነበረም፣ ቤትህም የለም። በኋላ በር ስትገባ ኮምፒውተርህ ቦርሳህ ውስጥ በርቶ ነበር። የቢሮውን ገመድ አልባ መስመር እንደለመደው በራሱ ያዘ። አንተ የሙንጂን ራስ ስትጨፈልቅ፣ ኮምፒውተርህ እሱ ያዘጋጀውን ቁጥር ይቀበል ነበር። ቁጥሩ ከተለየ ሰነዱ ከቢሮ ሳይሆን ከቤትህ እንደሚወጣ ይታወቃልና ገደልከው።»

ረዱዋን የሟቹን መቀስ ከጠረጴዛው መንጭቆ ሉብና ላይ ተወረወረ። ክንዷን ሸረከተው። ኸሚስ ከረዱዋን ኋላ መጥቶ የታሰሩ እጆቹን በረዱዋን ራስ ላይ አሳልፎ የካቴናውን ሰንሰለት አንገቱ ላይ ሳበው። ሁለቱም ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ፤ መቀሱም አብሮ ወደቀ። ዙበይዳ የወንድሟን ስም እየጠራች ጮኸች።

ሉብና ደሟ እየተንጠባጠበ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትታ ረዱዋን ላይ ቆለፈችው።

ኸሚስ የደረቀውን የሙንጂን ደም አየ። «አሁንስ እጄን ልታጠብ?»

«ይታጠቡ፣ አባባ።»

ቧንቧውን ከፍቶ ገና ውሃው ሲቀላ ጠዋት የታፈነበት ለቅሶ ወጣለት።