የላሴልስ የመጨረሻ ግጥም
ገጣሚው ላሴልስ ከመድረኩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ ማይክሮፎኑ ከእጁ አልወጣም። ኢንስፔክተር ፒኖክ ጎንበስ ብላ ራሱን ከሲሚንቶው አነሳ አድርጋ የተሰነጠቀ ማጅራቱን አየችና ቀና አለች። ኪንግስተን ውስጥ ላሴልስን የማያውቅ አልነበረም፤ ሬጌው ከኋላው ሲመታለት የመንግሥቱንም የጎረቤቱንም ጉድ በግጥም የሚያወጣ ሰው ነበር።

«አዳልጦት ነው» አለ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ሲበርት፣ የጊታሩን ሣጥን እንዳቀፈ። «እኔ፣ ሚስቱና ጠባቂው ሦስታችንም በረንዳ ላይ ሆነን ሲለማመድ እንሰማው ነበር። ዝም ሲልብን እኔ ቀድሜ ገባሁ።»

ፒኖክ የሟቹን ሚስት ጆይስሊንን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«ዛሬ ምን ሊያቀርብ ነበር?»

«አዲስ ግጥም። ልጇ ድሆች መጦሪያ ስለጣላት እናት። የማን እናት እንደሆነች ግን አልነገረኝም።»

«የሰማችሁት እሱን ነው?»

«አይ፣ የትናንቱን፣ ስለ ዳቦ የሚለውን። ‹ልጆቼ› የምትለው ላይ ሲደርስ እንደ ትናንቱ ሳል ያዘው።» ዕንባዋ ቀደማት።

«ልምምዳቸውን በካሴት የሚቀዳ አለ?»

«ሲበርት ነዋ።»

ቀጥሎ የአዳራሹን ጠባቂ ዲያቆን ሂበርትን ጠራች። «አባባ፣ መጦሪያው ውስጥ ከዚህ ሰፈር ማን አለ?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አሻሸ። «እሱን እንኳ ባትጠይቂኝ።»

«ጠየቅሁ እኮ።»

«እማማ አይቪ፣ የሲበርት እናት። እሱ ማያሚ እህቷ ዘንድ ናት ይላል። እኛም እሺ እንላለን።»

ፒኖክ ሦስቱን መድረኩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ላሴልስ አንዱን ግጥም ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ ብሎ አያውቅም፤ ምቱ በወሰደው ይሄዳል። ትናንት በሳለባት ቃል ላይ ዛሬም ሊስል አይችልም። የሰማችሁት ካሴት ነው፤ እሱ ያኔ ሞቷል። ካሴቱን ሰው ሳያየው ማንሳት የሚችለው ደግሞ ቀድሞ የገባ ብቻ ነው። ሲበርት፣ ከጊታርህ ሣጥን አንተ ታወጣዋለህ ወይስ እኔ ላውጣው?»

ሲበርት ካሴቱን ከሣጥኑ አውጥቶ መድረኩ ላይ አስቀመጠ። «ስሟን እንዳይጠራ ለመንኩት። ‹ካልጠራሁ ማን ሄዶ ያያታል?› አለኝ። በሰፈሩ ፊት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

«እማማ አይቪ?» አለች ጆይስሊን። «እኔን ያዋለደችኝ? ዲያቆን፣ ታውቅ ነበር?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ልጄ» አለ ዲያቆኑ መሬት መሬት እያየ።

«ለእናቱ መንገር አለብኝ» አለች ፒኖክ። «መጦሪያው በየት በኩል ነው?»

ጆይስሊን ዲያቆኑን አየችው፤ ዲያቆኑ ሲበርትን። ከልጇ በቀር መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ቀና ማለት አቅቶታል።