ካልሳቅሽ ተራው ያንቺ ነው

ታናሽ እህቴና እኔ አንድ ዳቦ ቤት ነው የምንሠራው። እኔ ፊት ለፊት በመስኮቱ እሸጣለሁ፤ እሷ ከኋላ ሊጥ ትቆርጣለች። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ አልፎ አልፎ ግን ይጥላታል። አንዴ ሥራ ላይ ጥሏት ሁሉም አይቷል። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የማቡኪያ ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ "ሬዲዮ" ይባላል፤ አፉ አይዘጋማ። ክፉ ልጅ አይደለም። ጨዋታ ያውቃል። ሊጡ ኩፍ እስኪል ሥራ ስለሌለ ያቺ ጊዜ የሱ ናት። የባለቤቱን የጋሼን ቦርጭ አስመስሎ ሲንጎራደድ ጋሼ ራሱ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እህቴም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በዚያ ቅሬታ የለኝም። በቦርጭ ቢሳቅ ማንም አይሞትም።

በኋላ ግን የእህቴን አወዳደቅ ማስመሰል ጀመረ። ዓይኑን ይገለብጣል፣ ክንዱን ያንቀጠቅጣል፣ ይንደባለላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እህቴ ፈገግ ትላለች።

አንድ ቀን በር ላይ ያዝኩት።

"አንተ፣ አታፍርም?"

"ኧረ እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው! እሷ ራሷ ትስቅ የለ?"

"ምን ታድርግ? ታልቅስልህ?"

"ሳቅ መድኃኒት ነው ሲባል አልሰማሽም?"

"መድኃኒት ከሆነ ለምን አንተ አትውጠውም?"

ሳቀና ሄደ። ከእህቴ ጋር ሊጥ የምትቆርጠውን ጓደኛዋንም ጠየቅኳት፤ አንድ እግሯን ታነክሳለች።

"አንቺስ ምን ያስቅሻል? ጓደኛሽ አይደለችም?"

ዞር ብላ ማንም እንደሌለ አየች። "እትዬ፣ ካልሳቅሽ ተራው ያንቺ ነው። ባለፈው ዝም ብል አነካከሴን እያስመሰለ አሳቀብኝ።"

እንዲህ ነው ነገሩ። እኩሌታው ፈርቶ ይስቃል። እኩሌታው "እንኳን እኔን አልሆነ" ብሎ። የቀረው፣ ሌላው ስለሳቀ ይስቃል። ደስ ብሎት የሚስቅ ስፈልግ አጣሁ።

እህቴ ቤት ስንገባ ያለችኝ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

"እታለም፣ መውደቁንስ ለምጄዋለሁ። እነሱ ግን አሁን መንቀጥቀጥ ሲያዩ የሚመጣላቸው ሳቅ ነው። ምድጃው አጠገብ ብወድቅስ? ማን ይመጣልኛል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጆሮዬን ከኋላ አድርጌ ነው የምሸጠው። ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ። የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው? ወይስ እሷ?

አንድ ጠዋት ወረፋው ረጅም ነበር። ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ይጮሃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ዳቦውን ከነፌስታሉ ጥዬ ሮጥኩ።

እህቴ ቆማለች። እፎይ አልኩ።

የሚንቀጠቀጠው ሬዲዮ ነበር። ማሽኑን ሊያጥብ ውኃ አፍስሷል፤ ወለሉ ረጥቧል። በሁለት እጁ የማሽኑን ጠርዝ ጨብጧል። ጥርሱን ነክሷል፤ አንገቱ ተገትሯል።

"ዛሬስ ከራሷም በለጠ!" አለ ዳቦውን ወደ ምድጃ የሚያስገባው ትሪ ገፊው።

"ኧረ በቃህ፣ ገደልከን!" አለች አንዷ፣ ጎኗን ይዛ።

ደሜ ፈላ። "አንተ የማታፍር!" ብዬ ትከሻውን ልጎትት እጄን ዘረጋሁ።

"አትንኪው!"

እህቴ ናት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። "ኮረንቲ ይዞታል! አትንኪው!"

ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር ጋ ዘላ አጠፋችው። መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። ሬዲዮ እንደ ዱቄት ጆንያ ዘጭ አለ። በዚያ ጭለማ ውስጥ አንድ ሰው ገና እየሳቀ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ሳቅ ነው።

እህቴ አፉ ላይ ጆሮዋን ደቀነች። "ይተነፍሳል። በጎኑ አዙሩት። መኪና ጥሩ!"

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። እኔና እሷ አዞርነው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ መዳፉ ተቃጥሏል። ጋሼ መኪናውን አስነስቶ ሐኪም ቤት ወሰደው። ተረፈ።

"እንዴት አወቅሽ?" አልኳት ማታ።

"አልሳቅኩማ። የሚስቅ ሰው አያይም። እኔ ፊቱን አየሁት። ዓይኑ እየለመነኝ ነበር።"

ከቀናት በኋላ ሬዲዮ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሊጡ ኩፍ እስኪል ሲቀመጡ ትሪ ገፊው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሽኑን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ፈነዳ። ሬዲዮም ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ የእህቴ ናት። የተጠቀለለ እጁን ግን ደብቆ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ብድግ ብሎ እህቴ ፊት ሄዶ ቆመ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ይቅርታህን ለጊዜው ተወው" አለችው፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ። "አንድ ነገር ንገረኝ። ስወድቅ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"እነሱስ?"

ሬዲዮ ወደ እነሱ ዞረ። ሳቁ ቆሟል። ትሪ ገፊው እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። የምታነክሰው ጓደኛዋ ቀድማ ተነሳች፤ "እኔ እመጣለሁ" አለች። "ካሁን በኋላ በዚህ አልስቅም። ተራው የኔ ይሁን ከፈለገ።"

እናንተም ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሬዲዮ አይጠፋም። ሳቁ፤ ሳቅ አልከለክልም። ድንበሩ የት ነው ለሚለኝ ግን መልሴ አጭር ነው። የሳቃችሁበት ሰው ነገ "ድረሱልኝ" ቢል መጮሁን ቀልድ ነው ብላችሁ የምታልፉ ከሆነ፣ ድንበሩን አልፋችኋል። ያን ጊዜ ሳቁን መጀመሪያ የምታቆሙት እናንተ ሁኑ። ያስፈራል፤ አውቃለሁ። ተራው ግን ለሳቀውም አይቀርለትም።