ስድስተኛዋ መርገጫ

የአናጺ ቤቱ ጌታ ከደረጃው ሥር አንገቱ ተሰብሮ የተገኘው ማለዳ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጥፋተኛ ፍለጋ ብዙ አይደከምም፤ በአቅራቢያው ያለ ድሃ ይበቃል። ደረጃው አዲስ ስለነበር የሠሩት ሽማግሌ አናጺ ገና ከቤታቸው መጥተው ሲደርሱ ፖሊስ ክንዳቸውን ያዘ። እጃቸው አርጅቷል፣ ዓይናቸው ፈዟል ተባለ። ወህኒ ከወረዱ በሕይወት እንደማይወጡ ራሳቸውም ያውቁታል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ማንም ደረጃውን እንዳይረግጥ አዘዘችና ሽማግሌውን ለብቻቸው ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ዘጠነኛዋ መርገጫ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ትላለች?»

«ስምንተኛዋን ሳላይ በምን አውቄ፣ ልጄ?»

ከብብታቸው አጭር ዘንግ አወጡ። የመጀመሪያዋን መርገጫ ከወለሉ በዚህች ዘንግ ይለካሉ፤ ከዚያ ዘንጓን ባለቀችው መርገጫ ላይ አቁመው ቀጣይዋን ምልክት ያደርጋሉ። እንዲህ እያሉ እስከ ላይ ይደርሳሉ።

«አንዷን ብቻ ቢሳሳቱስ?»

«አንዷን ብቻ እንዴት ይሆናል? ከሷ በላይ ያሉት ሁሉ ስህተቷን ይወርሳሉ።»

መርፌ ተንበርክካ ለካች። ከታች ስድስተኛዋ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላለች፤ ሰባተኛዋና ከዚያ በላይ ያሉት ግን ልክ በቦታቸው ናቸው። ከስድስተኛዋ ሥር ጣውላ ተወትፏል። ሽማግሌውን ጣውላውን አስወጥታ መርገጫዋን ወደ ቦታዋ አስመለሰቻቸውና ለማንም እንዳይተነፍሱ አስጠነቀቀቻቸው።

ከዚያ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ አናጺው አመሻሽ ላይ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ፣ ሟቹም ከዚያ በኋላ በደህና ወደ ላይ ወጣ። ታች ያደሩት ሦስት ናቸው። ሚስቱ ከተጣሉ ወዲህ ምድር ቤት ነው የምትተኛው፤ ጥላቻዋንም አልደበቀችም። «እንባዬን እሱ በሕይወት እያለ ጨርሼዋለሁ» አለች። ቀለም ቀቢው ሊባረር ስለነበር ሟቹን ሲራገም ሰዎች ሰምተውታል። ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሟቹ ሥራ እንዲፈጥን ብሎ የመጋዙን መከለያ አስነስቶ የዚህን ልጅ ሁለት ጣቶች አስበላ፤ ከዚያ ዘበኛ አደረገው። እንዲያም ሆኖ አምርሮ ያለቀሰ እሱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ከደረጃው አናት ያለው የሟቹ ክፍል ገብታ በሩን ከፈተችና ሦስቱንም በየተራ ወደ ላይ ጠራቻቸው። ሽማግሌው በፖሊስ ታጅበው ቀድመው ገብተዋል።

«የዚህ ደረጃ ሕግ አጭር ነው» አለች ሁሉም ሲቀመጡ። «መነሻው ወለሉ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዷ መርገጫ ከበፊቷ አንድ ዘንግ ትበልጣለች። ጋሼ አንዷን ቢሳሳቱ ኖሮ ቀጣይዋ ከተሳሳተችው ላይ ትለካ ነበር፤ ስህተቱ እስከዚህ ክፍል ደጃፍ ይደርስ ነበር። የተነሳችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ ደረጃው ካለቀ በኋላ ሌላ እጅ ነክቷታል፤ ያ እጅ ደግሞ በሩ ከተቀረቀረ በኋላ ውስጥ የነበረ ነው።»

በእጇ ወደ ደረጃው አመለከተች።

«የትኛዋ እንደሆነች ለማንም አልነገርኩም። እትዬ ሁሉንም ፈርተው መደገፊያውን እንደጨበጡ ወጡ። ቀቢው አንዷንም ሳይፈራ ሮጦ ወጣ።» ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረች። «አንተ አምስቱን እንደ ማንም ሰው ረገጥክ። ስድስተኛዋ ላይ ግን እግርህን ከፍ አድርገህ አነሳህና አየር ረገጥክ። ጋሼ ጠዋት ወደ ቦታዋ መልሰዋታል።»

ልጁ የጎደለ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ሁለት ጣት ወሰደብኝ» አለ። «ሁለት ጣት መለስኩለት።»

«ጋሼስ ምን በደሉህ?»

«እሱ አዘዘ፤ መከለያውን የፈቱት ግን እሳቸው ናቸው። አንዱ መቃብር፣ አንዱ ወህኒ እንዲወርዱልኝ ነበር።»

ሽማግሌው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ነፃ ከወጡ ገና አፍታ አልሞላቸውም። «እውነቱን ነው» አሉ። «እንዳልባረር ፈርቼ ፈታሁት። አንድም ቀን ይቅርታ አላልኩትም።»

ልጁ እጁ ታስሮ ሲወርድ ስድስተኛዋ ጋ ሲደርስ እግሩ በገዛ ፈቃዱ ቆመ። ከኋላው የነበሩት ሽማግሌ ክንዱን ደገፉት።

«ደህና ናት፣ ልጄ፤ እርገጣት።»

«እጅዎን ያንሱልኝ» አላቸው ዞር ሳይል። «እርስዎን ገና አልማርኩም።»

ከዚያ ረግጧት ወረደ።