የሃምሳ አለቃዋ አካሄድ

ሃምሳ አለቃ ውድነሽ አካሄዳቸውን የሚያውሱት ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ማለዳ ወደ ቁስለኞች ማዕከል ይመጡና «ኮቴ ያዥ» የሚባለውን፣ እርምጃን እንዳለ የሚቀዳ ስስ ካልሲ አጥልቀው ግቢውን ይዞራሉ። ቁስለኞቹና ቤተሰቦቻቸው እያወጉ ይከተሏቸዋል። የተቀዳው አካሄድ እግራቸውን ጦር ሜዳ ትተው ለመጡ ወታደሮች ምትክ እግር ላይ ይጫናል፤ እግሩም ከዚያ ወዲያ መራመድ ያውቃል። በዚያች ከተማ መንገዱ ራሱ እየተንሸራተተ ሰውን ካሰበበት ስለሚያደርስ፣ ደህና አድርጎ የሚራመድ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው የኖሩ ወታደር ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ «ውሰዱት፣ ለእኔ ለብቻዬ ምን ይሠራልኛል!» እያሉ በነጻ ያድላሉ።

አንድ ማክሰኞ አስር አለቃ ጉተማ ከሚስቱ ከቢፍቱ ጋር ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ እግር ለገመብኝ» አለ። «ደህና እየሄድኩ ድንገት ቀስ ይላል። እኔ ሳላዘው!»

«የት ነው የሚለግመው?»

«ገበያ ስንሄድ፣ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ ኧረ የትም!»

ልጇን አዝላ ከኋላው የቆመችው ቢፍቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እባክዎ እንዳይነኩት! ከተጋባን ጀምሮ ከፊቴ ሲሮጥ ጀርባውን ነበር የማውቀው። ገና አሁን ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን።»

ሃምሳ አለቃ ከት ብለው ሳቁ። ምንታምር ግን አልሳቀችም። እግሮቹን የምትጠግነው ወጣት ኢንጂነር እሷ ነች፤ ይህን አቤቱታ ከሌሎችም ሰምታለች። እግሩን ፈትታ ስትመረምረው ነገሩ ተገለጠላት። ምትክ እግር ሚዛኑን የሚጠብቀው ተረከዙ ላይ ባለው መስሚያ የመሬቱን ንዝረት እያዳመጠ ነው። የጉተማ እግር ደግሞ ከኋላ የሚከተለው ሰው ኮቴ ሲደክም በሰማ ቁጥር እርምጃውን ያሳጥራል።

«ይህን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

«እኔ? መቼ?»

«ግቢውን ሲዞሩ። ከኋላዎ ሰው ሲደክም እርስዎም ቀስ ይላሉ። ካልሲው እሱንም ቀድቶታል።»

ሃምሳ አለቃ ይህን አላወቁትም ነበር። በውትድርና ዘመናቸው የሕክምና ረዳት ነበሩ፤ በጉዞ ላይ የቆሰለ ወይም የዛለ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ዞር ብለው ሳያዩ በኮቴው ያውቁና ይጠብቁት ነበር። ለካ ያ ልማድ ዛሬም አልለቀቃቸውም።

«በእርስዎ አካሄድ የሚሄዱት ሁሉ ይህ አለባቸው» አለች ምንታምር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባለቤቱ ሳያዘው ቀስ የሚል እግር የተበላሸ እግር ነው ይላሉ አለቆቼ። ወታደሮቹ በሰንደቅ ዓላማ ቀን ከሚሰለፉት ሰልፍ በኋላ አካሄድዎን ከሁሉም ላይ አጥፍቼ በማሽን የተሠራ እንድጭን ታዝዣለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው ካልሲውን ከእግራቸው አወለቁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በማለዳ የሚቀሰቅሳቸው ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ቢሆንም ቆፍጠን ብለው «ልጆቼን የሚያደናቅፍ ከሆነ አጥፊው» አሉ።

የሰልፉ ዕለት፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚመሩት ሃምሳ አለቃ «ዛሬ ከኋላ ሆኜ ልያችሁ» አሉ። የክብር እንግዶቹና ምንታምር በተንሸራታቹ መንገድ፣ ወታደሮቹ ደግሞ ከጎኑ ባለው ጠጠር ላይ በእግራቸው፣ ወደ ሰንደቁ ጉዞ ጀመሩ። ሃምሳ አለቃ እርምጃቸውን እያዩ ልባቸው በኩራት ሞላ። ሁሉም የእሳቸው ነው! ያ የተረከዝ አጣጣል፣ ያ የጉልበት አተጣጠፍ፣ የእሳቸው! ስንብት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያረጀ ጉልበታቸውም ያን ጊዜ ከዳቸው። ማንንም ሳይጠሩ ወደ ኋላ ቀሩ።

ሰልፉ ቀስ አለ። ከዚያም ቆመ።

«ምን ይገትራችኋል? ሂዱ እንጂ!» ብለው ጮኹ፣ በድሮው የጦር ሜዳ ድምፃቸው።

«እግራችን እምቢ አለ!» አለ ጉተማ። ዞር ብሎ ሲያያቸው ነገሩ ገባው። ሮጦ መጣና ትከሻውን ሰጣቸው። «ለካ እርስዎን ነው የሚጠብቀው፣ እናቴ።»

የክብር እንግዶቹን መንገዱ እያንሸራተተ፣ ፈገግ እንዳሉ ሰንደቁ ሥር አደረሳቸው። ዞር ሲሉ ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

ምንታምር ብቻ ከመንገዱ ዘላ ወርዳ፣ ጠጠሩ ላይ እየተንገዳገደች ወደ ኋላ ተመለሰች።

«አላጠፋውም» አለች እያለከለከች። «አለቆቼን እኔው አስረዳቸዋለሁ። ማክሰኞ ይመጣሉ አይደል? ሌላ ሰው ተራ ይዟል።»

«ማነው ደግሞ እግሩን ያጣው?» አሉ ሃምሳ አለቃ ደንግጠው።

«እኔ ነኝ። ሁለቱም እግሬ ደህና ነው፤ ሰው መጠበቅ ግን አያውቅም።»

ሃምሳ አለቃ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ቀና አሉ።

«እንግዲያው ምን ማክሰኞ ያስጠብቅሻል?» አሉ። «ነይ፣ አሁኑኑ ተሰለፊ!»